ምክንያቱ ያልታወቀ መነሣት

በ2094 ዓ.ም. መስከረም ላይም የብሎካችን ሊፍት አልተገጠመም። ቀዳዳው አለ። አያቴ ቤቱ በዕጣ ሲደርሳቸው «በሚቀጥለው ዓመት ይገጠማል» ተብለው ነበር፤ እኔም ባለፈው ክረምት ጠይቄ ይኸው መልስ ሳይበላሽ ተሰጥቶኛል። በመሃሉ ያለ ሾፌር የሚሄደው አውቶቡስ መጥቶ፣ አርጅቶ፣ በሌላ ተተክቷል። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። ሊፍት ቢኖር ኖሮ የምነግራችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር።

ባምላክ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ደብረ ብርሃን የከተማ ወሬ እየለቀምኩ ዜና እጽፍ ነበር። አሁን ወንበር ሰባት ነኝ።

ጉንፋኑ የመጣው በ2091 ክረምት ነው። አብዛኛው ሰው በሁለት ሳምንት ድኖ ሥራው ገባ። ከመካከላችን ግን ጉንፋኑ ሄዶ ትራፊው የቀረብን አለን። ትራፊ የምንለው እኛ ነን፤ ጤናችንን ከሩቅ የሚከታተለው ማዕከል ረጅም ስም አውጥቶለታል፣ ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ራሱ ደህና ትንፋሽ ይፈልጋል። ትራፊ ያለበት ሰው ሸሚዝ ቆልፎ ያርፋል፣ ጫማ አሥሮ ያርፋል። ከሁሉ የሚከፋው ተንኮሉ ነው። ዛሬ ደህና ነኝ ብለህ ግቢ ብትጠርግ ዛሬ ምንም አይልህም። ነገም ዝም ይላል። ከነገ ወዲያ አልጋ ላይ ይጥልሃል። ስለዚህ በኛ ሰፈር «እንዴት ነህ?» የሚል ሰው ጠፍቷል፤ የሚባለው «ሦስተኛው ቀንህ እንዴት ነው?» ነው።

ሁላችንም ድካማችንንና መነሣት መቀመጣችንን ቆጥሮ ለማዕከሉ የሚልክ አምባር አድርገናል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነህ፣ ቢጫ ከሆነ ቀስ በል፣ ቀይ ሲሆን አምባሩ በትሁት የሴት ድምፅ «እባክዎ ይቀመጡ» ይላል። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ይላል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ብሎታል።

አሁን ወደ እትዬ ኤልዳና ልምጣ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስማቸውም እንደሚያሳብቀው የድሮ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ኤልዳና ወይም ናሆም ያልተባለ ልጅ አልነበረም፤ ዛሬ እነዚህ የባልቴትና የሽማግሌ ስሞች ሆነው፣ የአሁን ወጣት ጥሩወርቅና አንጓች ነው የሚባለው። አርባ ዓመት አስተማሪ ነበሩ። ሰዓት አያዛንፉም፣ ሰላምታ አያጓድሉም።

ካቻምና ሰኔ ላይ ትራፊው ሲብስባቸው ከአራተኛ ፎቅ በቃሬዛ ወርደው ሆስፒታል ገቡ። ተሽሏቸው ሲመለሱ የደረጃው በር አልከፈትም አላቸው። በሩ አምባር ያያል። ሰባ ሁለቱን ደረጃ በራሱ እግር ወጥቶ፣ በሦስተኛውም ቀን አረንጓዴ ሆኖ ያልተገኘ ሰው ፎቅ ላይ እንዲኖር አይፈቀድለትም። እሳት ቢነሣ ማን ያወርደዋል ነው ነገሩ፤ ደንቡ ክፋት የለውም። ምድር ቤት፣ ድሮ የጫማ ሱቅ የነበረች አንድ ክፍል ሰጧቸው።

ባላቸው ጋሽ ናሆም ግን እላይ ቀሩ። እሳቸው ከሚስታቸው ይብስባቸዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው፤ ያውም የወንድማቸው ልጅ ደግፋቸው። እንዴት ፎቅ ላይ እንዲኖሩ ተፈቀደ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ደንቡ የተጻፈው ለሚወጣ ሰው ነው፤ ላልወረደ ሰው አልተጻፈም። በዚህ ዓይነት በአርባ አንድ ዓመት ባልና ሚስት መካከል ሰባ ሁለት ደረጃ ገባ።

በሩን አስከፍተን ተሸክመን እናውጣዎት ብለናቸው ነበር። «በቃሬዛ አንዴ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሁለተኛ በቃሬዛ የምሄደው ለመመለስ አይደለም» ብለው አሳፈሩን።

ስልክ እርግጥ አለ። ጠዋትና ማታ ይተያያሉ። እትዬ ኤልዳና ግን «በስልክ ሰው ይታያል እንጂ አይገባም» ይላሉ። ከስልኩ ይልቅ ቅርጫቱን ይወዳሉ። በየጠዋቱ ከበረንዳው ቅርጫት በገመድ ይወርዳል፤ ታጥቦ የታጠፈ ካልሲ ወይም የተፈጨ ሽሮ ይዞ ይወጣል። ሲወርድም ባዶውን አይደለም። እትዬ ኤልዳና በረንዳው ላይ ከተከሉት የጥብስ ቅጠል ላይ አንድ ቅንጣቢ ይኖርበታል፤ አለመድረቁ ማረጋገጫ መሆኑ ነው። አንድ ቀን የመጣው ቅጠል ላስቲክ መስሏቸው አኝከው ነው ያመኑት።

ወደ ላይ ለመመለስ ያለው መንገድ አዳራሹ ብቻ ነበር። ድሮ የቀበሌ ስብሰባ የሚካሄድበት አዳራሽ ነው፤ አሁን አሥራ ሁለት ወንበር ተደርድሮበት ትራፊ ያለብን ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን እንቅስቃሴ እንሠራለን። ግድግዳው ላይ ማዕከሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ በትልቁ ጽፎልናል። ሁለት ዓመት ስናየው ከርመን እንቁላል የጠላን አለን።

ሥራው ቀላል ነው። ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ፣ እስከ ግድግዳው ሄዶ መመለስ፣ ክር ላይ የተንጠለጠለች ወረቀት በትንፋሽ ማወዛወዝ። የምታሠራን ጥሩወርቅ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። በትምህርቷ ጎበዝ፣ በአነጋገሯ ለስላሳ፣ በትእዛዟ ግን ወታደር ናት።

ችግሩ እኛ ሥራ ሳንጀምር ደክመን መገኘታችን ነበር። ጥሩወርቅ ገብታ «ደህና አደራችሁ? እንጀምር» ስትል ከአሥራ ሁለታችን አሥሩ ቢጫ ናቸው። እትዬ ኤልዳና ደግሞ ለቀይ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ማዕከሉ አምስቱን መነሣት ወደ ሦስት ዝቅ አደረገው። አልሆነም። ወደ አንድ አወረደው። አልሆነም። ጥር ላይ የመጣው ትእዛዝ «ተቀምጠው ስለ መነሣት ያስቡ» የሚል ነበር፤ እኛም አሰብን፣ ሆኖም ቢጫ እንደሆንን ቀረን።

የሚሻለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንደኛው ጋሽ ያፌት ናቸው፤ አውቶቡስ ሾፌር በነበረው ዘመን ሾፌር የነበሩ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ የቡድኑ ታላቅ። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ በማርፈድ የታወቅሁ። ሁለታችንም ደረጃውን አልፈን ፎቃችን ላይ እንኖራለን፤ አዳራሹን ያልተውነው ጨዋታው እንዳይቀርብን ነው። ማዕከሉ በአርአያነት አመስግኖናል። የምስጋና ወረቀቴን ያየችው ጥሩወርቅ ግን «ጋሽ ባምላክ፣ አይቀየሙኝና፣ ከሁሉ ሽማግሌውና ከሁሉ ሰነፉ እንዴት ቀድመው ዳኑ?» አለችኝ። አልተቀየምኩም። ለኔም አልገባኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ለእትዬ ኤልዳና ደብዳቤ መጣ። እስከ ግንቦት ሠላሳ ደረጃውን ካላለፉ ከተማው ዳር ወዳለው የምድር ቤት ሰፈር ለዘለቄታው ይዛወራሉ። እዚያ ቅርጫት የሚወርድበት በረንዳ የለም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፣ ከዚያ ወረቀቷን በትንፋሽ ሊያወዛውዙ ሞከሩ። ወረቀቷ አልተነቃነቀችም። ዞር ብለው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፤ እኔም አላየሁም ለማለት ጫማዬን ማሠር ጀመርኩ።

የካቲት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ማሞቂያው ተበላሽቶ ጥሩወርቅ ልታሠራው ቀድማ መጣች። እትዬ ኤልዳና እንደ ወትሮው ከሁሉ በፊት ደርሰው ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅም አጠገባቸው አረፍ አለች። ከዚያ አንዱ ገባ። «ኖር!» ብለው ሁለቱም ተነሡ። ሰውየው «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። ሌላዋ ገባች። ሦስቱ ተነሡ። ጥሩወርቅም የዚህ አገር ልጅ ናትና አብራ ብድግ ቁጭ ትላለች። ሰባተኛው ሰው ሲገባ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ጋሽ ያፌት በመጨረሻ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ሁሉም ተነሥቶ ጥሩወርቅ ብቻ ተቀምጣ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። እኔ ይህን የምነግራችሁ ከሰማሁት ነው፤ ገና አልደረስኩም ነበር።

«እትዬ ኤልዳና፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሡ?» አለች።

«የምን መነሣት? ሥራው መች ተጀመረ?»

«አሁን ለጋሽ ያፌት ተነሥተው የለ እንዴ?»

«እሱማ መነሣት ነው እንዴ? ኖር ነው እንጂ።»

ጥሩወርቅ የማዕከሉን ወረቀት አወጣች። ከሁላችን ስም ትይዩ፣ ለወራት ማንም ልብ ያላለው አንድ ዓምድ ነበር። «ምክንያቱ ያልታወቀ መነሣት» ይላል። በእትዬ ኤልዳና ስም ትይዩ፣ በየቀኑ፣ አሥራ ሁለት። በጋሽ ያፌት፣ ሁለት። በኔ፣ አንድ፤ እሷም ለጥሩወርቅ የተነሣኋት ናት። እኔ ደርሼ ስገባ ሁሉም ሰው እንደ ሌባ አየኝ።

ጥሩወርቅ በማግስቱ «ኖር ማለት ክልክል ነው» ብላ በሩ ላይ ለጠፈች። ልጅ ናትና አይፈረድባትም። በቀጣዩ ቀን እትዬ ኤልዳና አልገቡም። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያያቸው መግባት አሳፈራቸው፣ ቁጭ ብለው ሰው ሲገባ ማየትም አሳፈራቸው፤ ስለዚህ ውጭ ቆሙ። ሌሎቹም ደረሱና ቆሙ። በመጨረሻ አብረን እንግባ ተባለ።

«ጋሽ ያፌት፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ እናንተ ግቡ።»

«አይሆንም፣ በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አንቺ ቅደሚ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ አሥራ ሁለታችንም በሩ ላይ ቢጫ ሆንን፤ ከነዚያው ሁለቱ ደግሞ «እባክዎ ይቀመጡ» እየተባሉ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ከዚያ ማስታወቂያዋን ገነጠለች። ያን ቀን ምንም ሳታሠራ ሸኝታን፣ እትዬ ኤልዳናን ብቻ አስቀረቻቸው፤ እኔም ጃኬቴን የረሳሁ መስዬ ቀረሁ። ወሬ ለቃሚነት በጡረታ አይለቅም።

«ለሰው መነሣትዎን ልከለክልዎት አልችልም» አለች። «ግን ከመነሣት ሌላ ሥራ የለንም እኮ። ማዕከሉ ያዘዘው አምስቱም መነሣት ነው። እና እሱን እንተወውና የርስዎን እንሥራ። ለሁለት ሰው ብቻ ይነሡልኝ። ሌላው እርስዎ ሳይመጡ ገብቶ ይቆይ።»

«ላርፍድ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ እንደ ጋሽ ባምላክ።»

እትዬ ኤልዳና ዞር ብለው አዩኝ። በአርባ ዓመት የመምህርነት ዘመናቸው ያረፈደ ተማሪ በር ላይ አቁመው ኖረዋል። «ይኼን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ መዳኛዬ ባምላክን መምሰል ሆነ?» አሉ። «እሺ። ለቤቴ ስል።»

ጥሩወርቅ ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው፤ «ኖር፣ ሁለት ጊዜ፣ ከቁርስ በኋላ።»

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ እንደ ባቡር ጣቢያ ሆነ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ ተጽፎ ተለጠፈ፤ በአንዱና በሌላው መካከል አምስት ደቂቃ እረፍት አለ። ተራው ያልደረሰ ውጭ አግዳሚ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይጠብቃል። ጋሽ ያፌት «በሰማንያ አንድ ዓመቴ በር ላይ እንደ ቀጠሮ በሽተኛ» እያሉ ቢያጉረመርሙም ተራቸውን አያሳልፉም፤ የሚነሣላቸው ሰው ሁሉ በደንብ ያረፈ ስለሆነ አሁን የሚነሣው ከልቡ ነው። ቢጫው በአንድ ወር ውስጥ ብርቅ ሆነ።

እትዬ ኤልዳና ሁለት ሳምንት ለሁለት ሰው ተነሡ። ሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ሆኖ ሲያልፍ ሦስት ሆነ። መጋቢት ላይ ተደስተው በአንድ ቀን ለስምንት ሰው ተነሡና ሦስተኛው ቀን ጣላቸው፤ አምስት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ፣ ቅርጫቱም ሳይሞላ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ የተናገረቻቸው ጥሩወርቅ ናት፤ እሳቸውም በተራቸው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ከሁለት እንደገና ጀመሩ። ግንቦት ሲገባ ዘጠኝ ደረሱ።

ማዕከሉ ነገሩ ገርሞት የምትሠሩት የምን ዓይነት እንቅስቃሴ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥሩወርቅ «ሰው ማክበር» ብላ መለሰች። «ይህ እንቅስቃሴ በዝርዝራችን ውስጥ የለም» የሚል መልስ መጣ።

አንድ ቀን እረፍት ላይ ሳለን ለጨዋታ ያህል «ጋሽ ናሆምስ ለርስዎ ተነሥተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ናሆም?» ብለው ሳቁ። «ቆጣሪ ለሚያነብ ልጅ ይነሣል። ለጎረቤት ይነሣል። እኔ ስገባ ግን በሩን ዝጊው ነው የሚለኝ። አርባ አንድ ዓመት።» ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «አሁን እንኳ በሩን ዝጊው ቢለኝ ደስ ይለኛል።»

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን ፈተናው ሆነ። ደንቡ ምስክር ይጠይቃልና ጥሩወርቅ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። በየፎቁ ወንበር አስቀምጠናል፤ አሥራ ስምንት ደረጃ፣ ከዚያ እረፍት። ጎረቤቶች ሰላም ልበል ብለው እንዳይወጡ ቤት ለቤት ዞረን ለምነናል። ስለዚህ እትዬ ኤልዳና አንደኛ ፎቅ ላይ ሲያርፉ ሰላምታው የመጣው ከተዘጋ በር ጀርባ ነው። «እንኳን ደህና መጡ!» ይላል በሩ። «እንኳን ደህና ቆያችሁ» ይላሉ እትዬ ኤልዳና ለበሩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት በሮች ልጆቻቸው ሳይቀር ተራ በተራ ጤንነታቸውን ጠየቁ። አምባራቸው አሁንም አረንጓዴ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ የጋሽ ያፌት ነው። እሳቸውን ያልለመንናቸው ያውቃሉ ብለን ነው። እትዬ ኤልዳና ቁጭ እንዳሉ በሩ ተከፈተና ጋሽ ያፌት ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። በር ዘግቶ ሰላም ማለት የውሻ ነው ብለው ነበር ጠዋት፣ ኋላ እንደሰማሁት። የእትዬ ኤልዳና እጅ ሊነሡ ወንበሩን ተደገፈ። አምባሩ ቢጫ ሆነ።

እጃቸውን ከወንበሩ አነሡና ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ጋሽ ያፌት፣ ዛሬ አልነሣም» አሉ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ያፌት መጀመሪያ አልገባቸውም። ቀጥሎ ገባቸውና ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ቆሜ የለ እንዴ፣ ልጄ» አሉ። «ለሁለታችንም ይበቃል።»

አሥር ደቂቃ እዚያ ቆየን፣ አምባሩ ወደ አረንጓዴ እስኪመለስ ድረስ። ጋሽ ያፌት አልተቀመጡም።

የመጨረሻዎቹን አሥራ ስምንት ደረጃዎች እያንዳንዳቸውን ቆም እያሉ ወጡ። የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እትዬ ኤልዳና ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጸጉራቸውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ፣ በሩን ገፉት።

ጋሽ ናሆም በሩ ትይዩ ወንበር ላይ ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ልትደግፋቸው ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏት። ሁለት እጃቸውን በወንበሩ ክንድ ላይ ጫኑ። አምባራቸው አረንጓዴውን ዘሎ ቢጫ፣ ወዲያውም ቀይ ሆነና በዚያ ትሁት ድምፅ «እባክዎ ይቀመጡ» አለ። እሳቸው እየተነሡ ነበር። «እባክዎ ይቀመጡ» አለ ደግሞ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከማስታውሰው ይረዝማሉ።

«ኖር» አሉ።

«በእግዜር» አሉ እትዬ ኤልዳና። ሄደው የባላቸውን ክንድ ያዙና ሁለቱም አንድ ላይ ተቀመጡ፣ እሳቸው ወንበሩ ላይ፣ እትዬ ኤልዳና የአልጋው ጫፍ ላይ። ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እኔ ምስክር ነኝና ማየት ነበረብኝ፤ ግን ደህና አድርጌ አላየሁም፣ ዓይኔ አስቸግሮኝ ነበር።

«በሩን ዝጊው» አሉ ጋሽ ናሆም ትንፋሻቸው ሲመለስ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። እትዬ ኤልዳና አረንጓዴ ነበሩ። ጋሽ ናሆምን ግን ያቺ አንዲት መነሣት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ጣለቻቸው፤ ጥሩወርቅም እላይ ድረስ ወጥታ ስትቆጣቸው እንደ ልጅ ፈገግ እያሉ ሰሙ። ሲሻላቸው ከማዕከሉ መጠየቂያ ቅጽ መጣ። እኔ ተቀብዬ በቅርጫቱ ወደ ላይ ላክሁት፤ በማግስቱ ጠዋት ተሞልቶ ወረደ፣ ከላዩ አንድ የጥብስ ቅጠል አለ። ቅጹ እንዲህ ይላል፤ «ግንቦት 23 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መነሣት፣ አንድ ጊዜ። ምክንያቱ ይገለጽ።»

ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ፣ በእትዬ ኤልዳና የመምህር ጽሑፍ፣ እንዲህ ተሞልቷል፤

«ሚስቱ ገባች።»